ስለበዙት የቀበርቾ ችግኞች፣ ለክቡር ሥራ አስኪያጃችን

ለክቡር አቶ ሀብተሥላሴ ቀጸላ
የመድኃኒት ዕፅዋት ብዜት ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ቦንጋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የቦንጋ ዝናብ ሲበረታ ጉንፋኑ ትልቅና ትንሽ አይለይምና፣ ከቢሮዎ ወደ መኪናዎ፣ ከመኪናዎም ወደ ስብሰባ አዳራሹ በሚያደርጉት ረጅም ጉዞ ብርድ እንዳይመታዎ፣ የሚፈርሙበት እጅዎም እንዳይዝልብን ከልብ እመኛለሁ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ደህና ከመሆን በቀር ሌላ ሥራ እንዳልሠራ በደብዳቤ ስለታዘዝኩ፣ ትእዛዙን አክብሬ ቤቴ ተቀምጫለሁ።

ይህንን ደብዳቤ ሰው ሁሉ በሚያነበው ቦታ መጻፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ከዚህ በፊት የጻፍኳቸው ሁሉ በሥርዓቱ ፖስታ ለብሰው፣ በመዝገብ ቤታችን ማኅተም ተመትተው ገብተዋል። መዝገብ ቤታችን የገባውን አሳልፎ የማይሰጥ ታማኝ ቤት ስለሆነ፣ እርስዎ ዘንድ ለመድረስ ያለው አጭር መንገድ አገር ሁሉ አንብቦ አንዱ ለእርስዎ እንዲነግርልኝ ማድረግ ሆኖ አገኘሁት።

የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ማንኪራ ድረስ እንድሄድ ይፈቀድልኝ። መንገዱ ሩቅ አይደለም፣ እኩሌታው በባጃጅ እኩሌታው በእግር ነው፤ ማታ ተመልሼ ቦንጋ አድራለሁ። እዚያ፣ በጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ግቢ፣ በፕላስቲክ ዳስ ሥር የተቀመጡ የቀበርቾ ችግኞች አሉ። ከብልቃጥ ከወጡ ገና ሁለተኛ ሳምንታቸው ነው፤ በእነዚህ ሳምንታት ጠባያቸውን የሚያውቅ እጅ ካልነካቸው ያልቃሉ። እኔ ደግሞ ጉዳዬ ተጣርቶ እስኪያልቅ ከከተማ እንዳልወጣ ታዝዣለሁ። ነገሩ ይህ ነው። እንዴት እዚህ እንደደረስን ለማያውቅ አንባቢ፣ ክቡርነትዎ ታግሠው ያዳምጡኝና፣ ከሥሩ ልናገር።

ቀበርቾን የማያውቅ የአገር ልጅ ጥቂት ነው። ሥሩ ለሳልም፣ ለሆድም፣ ለራስ ምታትም ይታኘካል፣ ይታጠናል፤ ጭሱ እባብንም ክፉ መንፈስንም ከቤት ያስወጣል ይባላል። ኮሚቴ ያስወጣ እንደሆነ የሞከረ የለም። ክፋቱ፣ መድኃኒቱ ያለው ሥሩ ውስጥ ስለሆነ የፈለገው ሁሉ ተክሉን ነቅሎ ነው የሚሄደው። እኔ ሥራ ስጀምር ሺሺንዳ ገበያ ላይ በክምር ይሸጥ ነበር። ዛሬ ከተገኘም ተሰንጥቆ ተሰንጥቆ ስንጥር አክሎ ነው፤ ከሌላ ሥር ጋር ተቀላቅሎ የሚሸጥበትም ቀን ብዙ ነው።

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ በማንኪራ ቡና የሚለቅሙ፣ ቀፎ የሚሰቅሉ ሽማግሌ ናቸው። በይዞታቸው ጠርዝ፣ ቆፋሪ ሳያየው የቀረ ጥቂት ቀበርቾ ነበራቸው። ከዚያ ላይ እናት ተክል ለማዕከላችን ሲሰጡን ውል አላስፈረሙም፤ ሲበዛ ለመሬቱ መልሱለት ብቻ አሉኝ፣ እኔም እሺ አልኩ። ይህ በእኛ ዘንድ አደራ ይባላል። በንብረት ክፍላችን ቅጽ ላይ ለአደራ የተተወ ቦታ ስለሌለ፣ ከእናት ተክሉ ተቆርጦ ብልቃጥ የገባው "ቀበርቾ በብልቃጥ፣ ብዛት አርባ" ተብሎ በእኔ ስም ተመዘገበ። ፈረምኩ። ያን ቀን እጄን በልምጭ የሚመታልኝ ሰው ባገኝ ደግ ነበር።

ሥራችን ቲሹ ካልቸር ይባላል። ከእናት ተክሉ ላይ የጥፍር ጫፍ የምታክል እምቡጥ ትቆረጥና በበረኪናና በአልኮል ከጀርም ትጸዳለች፤ ከዚያም ስኳርና ማዕድን ባለው፣ እንደ ቀዘቀዘ ገንፎ ረጋ ባለ ምግብ ላይ በብልቃጥ ትቀመጣለች። ከተመቻት ቡቃያ ታወጣለች። ቡቃያዎቹ ይለያዩና እያንዳንዳቸው ወደየብልቃጣቸው ይገባሉ፤ እዚያም እንደገና ያወጣሉ። አንዱ ብዙ ይሆናል ማለት ነው። በማዕከላችን ስም ላይ "ብዜት" የሚለው ቃል የገባው ለዚህ ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቅሬታዬ፣ ቅሬታ ማለት ካልበዛበት፣ ስለ ቡላ ነው። ያንን ምግብ የሚያረጋው አጋር የሚባል ዱቄት ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። ግዢ ክፍላችን ሊያመጣልን ቃል ከገባ ወዲህ በጋና ክረምት ተፈራረቁ፤ ዱቄቱ ግን ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ፣ ቦንጋ ገበያ ቡላ ከሚሸጡት ከእትዬ ብርቅዬ ነጭ ቡላ ወሰድኩ፤ ደጋግሜ አጥልዬ፣ ከቀረችን ጭላጭ አጋር ጋር ቀላቅዬ አፈላሁት። ሲቀዘቅዝ ረጋ። ቀበርቾው በእንሰት ላይ ቁጭ ብሎ የአገሩን ምግብ ሲበላ ሳይ፣ እውነቴን ነው፣ ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ ለጥበቃው ነው የነገርኩት።

ቀበርቾ ሌላም ዓመል አለው። ሲቆረጥ ጥቁር ፈሳሽ ያወጣና በገዛ ፈሳሹ ተመርዞ ይሞታል፤ የመጀመሪያዎቹን እንዲያ ነው የጨረስናቸው። በኋላ ግን፣ እንደተቆረጠ ጨለማ ውስጥ ቢቀመጥና በየጥቂት ቀኑ ምግቡ ቢቀየርለት እንደሚተርፍ ተረዳሁ። ሥራው ዕረፍት አይሰጥም፤ እሑድም ዓመት በዓልም ሄጄ ቀይሬያለሁ፤ የፋሲካ ዕለት እንኳ ከጾም መፍቻው ማዕድ ተነሥቼ ነው የሄድኩት። ተረፉ። ከመትረፍም አልፈው ከአንዱ ሥር አራትም አምስትም ቡቃያ ያወጡ ጀመር። ይህንን ሁሉ ጽፌ ለክቡርነትዎ ባቀርብ የደረሰኝ መልስ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ የምግብ ሸቀጥ ወደ ቤተ ሙከራ ስለማስገባትና ከሻጩ ሕጋዊ ደረሰኝ ስላለማቅረብ። እትዬ ብርቅዬን ደረሰኝ ብጠይቃቸው ቡላቸውን መልሰው ሊነጥቁኝ ምንም አልቀራቸው፤ አላመነችኝም ብለው አዝነውብኝ ሰነበቱ። ስለ ማስጠንቀቂያው አመሰግናለሁ። ችግኞቹ ግን ማስጠንቀቂያውን ስላላነበቡ መብዛታቸውን ቀጠሉ።

ሁለተኛው ስለ ቆጠራው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልረዝም እገደዳለሁ።

የንብረት ቆጠራ ኮሚቴው፣ በሰብሳቢው በአቶ ኤርምያስ እየተመራ፣ ወደ ማሳደጊያ ክፍሉ የገባ ዕለት በፊታቸው ላይ ያየሁት ድንጋጤ አይረሳኝም። ወረቀቱ አርባ ይላል። መደርደሪያው ከወለል እስከ ጣሪያ አረንጓዴ ነው። ቆጠሩ፣ ደገሙ፣ ተቀያይረው ቆጠሩ፤ ብዙ መቶ ሆነባቸው። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ በንብረት ሕግ ጉድለት ብቻ ሳይሆን ብልጫም ጥፋት ነው። የጎደለ ዕቃ ወዴት ሄደ ይባላል፤ የበለጠ ዕቃ ከየት መጣ ይባላል። ከየት እንደመጣ አስረዳሁ። ቡቃያውን በብርሃን ፊት አቅርቤ፣ ይኸው እናቲቱ፣ ይኸው ልጆቿ እያልኩ አሳየሁ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረውን ቃል በቃል እዚህ ላስቀምጠው፤ የጽሑፍ ችሎታቸው ባክኖ መቅረት የለበትም፦ "ባለሙያዋ ንብረቱ በራሱ ጊዜ እንደተዋለደ ገልጸዋል። ኮሚቴው አላመነበትም።"

የበሬ ወለደ ወሬ መሰላቸው። የኮሚቴው ወንድሞቼ እንሰት ተክለው፣ ዶሮ አስታቅፈው ያደጉ ሰዎች ናቸው፤ በየቤታቸው ግቢ አንድ ዝንጅብል ቀብረው ጉድጓድ ሙሉ የሚያወጡ ናቸው። የቢሮውን በር ሲያልፉ ግን ይህ ዕውቀታቸው ከጥበቃው ዘንድ እንደ ጃንጥላ ይቀመጣል። ማንም በሌባነት የሚጠረጥረው የወሰደን ሰው ነው። እኔ በመጨመር የተጠረጠርኩ የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም፤ ለዚህ ክብር ስላበቁኝ ከምስጋና በቀር የምከፍለው የለኝም።

ከዚያ ክፍሉ ታሸገ። በሩ ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጠፈ፤ ቁልፉን አቶ ኤርምያስ ያዙ። ምግቡ ሊደርቅ ነው፣ መቀየር አለበት ብዬ ጮኼ ነበር፤ ጩኸቴም በቃለ ጉባኤ ተይዟል።

ሦስተኛውን ቅሬታ ቁጥር ሰጥቼ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ እንዲሁ ልንገርዎ። ክፍሉ ከታሸገ በኋላ ከሥራ ገበታዬ እንዳልለይ ታዘዝኩ። የሥራ ገበታዬ ከታሸገው በር ውስጥ ስለነበረ፣ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ወጣልኝ። ጠዋት ፈርሜ እገባለሁ፣ በሩ ፊት እቀመጣለሁ፣ ማታ ፈርሜ እወጣለሁ። በሩ ላይ የመጽሐፍ ሽፋን የምታክል መስታወት አለች። በእሷ አያቸዋለሁ። መብራቱ በሰዓቱ ይበራል፣ በሰዓቱ ይጠፋል፤ ማንም ሳያዘው ሥራውን የሚሠራ በማዕከላችን እሱ ብቻ ቀርቶ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ለምለም ነበሩ። ቀጥሎ አናታቸው የብልቃጡን ክዳን ነካ፤ የሚሄዱበት ሲያጡ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ታች ማደግ ጀመሩ። ከዚያ ምግቡ ከብልቃጡ ግድግዳ እየለቀቀ ተሰነጠቀ፤ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ። በእጄ አንድ በአንድ ያሳደግኳቸውን ከአንዲት መስታወት ማዶ ሲጠወልጉ ማየት ምን እንደሚያደርግ የምገልጥበት የቢሮ ቋንቋ አላገኘሁም። አለቀስኩ ማለት ይበቃል። አስታዋሽ እንደሌለው እስረኛ ሆኜ አለቀስኩ።

መውጫ አልፈለግሁም እንዳይሉኝ፣ የሞከርኳቸውን በሮች ልቁጠርልዎ። ማኅተሙን ብቀድ ወንጀል ነው። ብጠብቅ ይሞታሉ፤ ከሞቱም የመዝገቡ አርባ ሳይቀር ጉድለት ይሆንና በፊርማዬ እጠየቅበታለሁ። ሥራውን ልልቀቅ ብዬ አመለከትኩ፤ ለመልቀቅ ርክክብ ያስፈልጋል ተባልኩ። ርክክብ የሚደረገው ቆጠራው ከመዝገቡ ሲስማማ ነው። ቆጠራው የሚስማማው ክፍሉ ሲከፈት ነው። ክፍሉ የሚከፈተው ብልጫው ከየት እንደመጣ ሲታወቅ ነው። ከየት እንደመጣ ደግሞ እኔ ተናግሬ አልታመንኩም። ክቡር ሆይ፣ ይህንን ሰንሰለት ያጠላለፈው ባለሙያ ማን እንደሆነ ባውቅ፣ ከቀበርቾ ሥራ ወጥቼ ከእሱ ዘንድ ተማሪ ለመሆን ዝግጁ ነበርኩ።

በመጨረሻ ከቢሮዎ መፍትሔ መጣ። መልካም መፍትሔ ነው፤ አጭር ነው፤ በአንድ ገጽ አልቋል። ብልጫውን "ምንጩ ካልታወቀና ሕጋዊ ካልሆነ ቦታ" ያስገባሁት እኔ መሆኔን አምኜ ከፈረምኩ፣ ክፍሉ ይከፈታል፤ በመዝገብ ያሉት አርባው ይቀራሉ፤ የተረፈው በኮሚቴው ፊት ከግቢ ወጥቶ ይወገዳል። ቆጠራውም ከመዝገቡ ጋር እንደ ሙሽራና ሚዜ ይስማማል።

ወረቀቱን ያመጡልኝ አቶ ኤርምያስ ናቸው። ኮሪደሩ ላይ ማንም እንደሌለ አይተው፣ ሌላ ወንበር ስለሌለ ቆመው ወረቀቱን ዘረጉልኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ "ፀደንያ፣ አባቴ ደካ ውስጥ ገበሬ ነው። አንድ ድንች ተቀብሮ ብዙ እንደሚወጣ አጥቼው አይደለም። ግን በዛ ብሎ መጀመሪያ ማን ይፈርም?" አሉኝ።

አልተቆጣኋቸውም። ልቆጣቸው ፈልጌ ነበር፤ ዓይናቸውን ሳይ ቁጣዬ ከዳኝ። ልጆች አሏቸው፣ እሳቸውም በስማቸው የተመዘገበ ንብረት አላቸው። እስከዚያች ሰዓት አያውቁም ብዬ ነበር የምጽናናው። አላዋቂን ማስረዳት ይቻላል፤ እያወቀ የሚፈራን ሰው ግን ምን ብዬ አስረዳዋለሁ? ኮሚቴው በሙሉ ያውቅ ኖሯል። እኔ ብልቃጥ በብርሃን ፊት እያነሣሁ ሳስተምር፣ እነሱ የሚያውቁትን ነገር በትዕግሥት ሲማሩ ነበር። ወረቀቱን አልፈርምም ብዬ መለስኩላቸው።

በዚያው ሰሞን ዝናቡ ገባ፤ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስም አደራቸውን ሊጠይቁ መጡ። መሬቱን ቆፍረው፣ ከቡናው ጥላ ሥር መደብ አዘጋጅተው፣ ውሰዱ የሚላቸው ስላጡ ራሳቸው ከማንኪራ በእግራቸው ነበር የወረዱት። በመስታወቷ አሳየኋቸው። ግንባራቸውን አስደግፈው ብዙ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ ምን አጥፍተው ነው የታሰሩት?" አሉኝ።

በዝተው ነው አልኳቸው። አማርኛዬን አጣርተው ያልሰሙ መስሏቸው በካፊኖኖ ደግመው ጠየቁኝ፤ እኔም በዚያው ቋንቋ ያንኑ ደገምኩላቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ዝናቡ አይጠብቅም እኮ ብለው ኮሪደሩ ላይ ከጎኔ መሬት ቁጭ አሉ። ወንበሬን ብለቅላቸው እምቢ አሉ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አቶ ኤርምያስን አስጠርቼ ፈረምኩ።

አዎ፣ ክቡር ሆይ፣ ፈረምኩ። ምንጩ ካልታወቀና ሕጋዊ ካልሆነ ቦታ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ፊርማዬ በእጅዎ ነው። እናቴ በሕይወት ኖራ ያንን ወረቀት ባለማንበቧ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቷን አመሰገንኩ። በሩ ሲከፈት የወጣው ሽታ የበሰበሰ ቡላ ሽታ ነበር። ብዙዎቹ ሞተዋል፤ ከሞቱት ይልቅ ግን ያሉት ይበልጡ ነበር። ኮሚቴው የመጀመሪያዎቹን አርባ ለይቼ እንዳስቀር ጠየቀኝ። የመጀመሪያ የሚባሉ እንደሌሉ፣ እናቲቱ ተቆራርጣ በሁሉም ውስጥ እንዳለች ልነግራቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እነሱው ለእንግዳ ዓይን የሚያምሩትን አርባ መርጠው መደርደሪያው ላይ ደረደሩ።

የቀሩትን እዚያው እያንዳንዳቸውን ከብልቃጥ አውጥቼ፣ ሥራቸውን ለብ ባለ ውሃ አጥቤ፣ በርጥብ የእንሰት ቅጠል ጠቀለልኳቸው። ብልቃጦቹን አጥቤ መለስኩ፤ እነሱም ንብረት ናቸው። ኮሚቴው ችግኞቹ በበሩ ሲወጡ አይቶ፣ ተወግዷል ብሎ ፈርሞ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ከበሩ ውጭ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስን የጫነ ባጃጅ ቆሞ ነበር። ክቡርነትዎ ይህንን ሲያነቡ ችግኞቹን ለማስመለስ ያስቡ እንደሆነ በትሕትና ላስታውስዎ፤ የተወገደ ንብረት መልሶ ለማስገባት የመቀበያ ቅጽ ያስፈልጋል፣ ቅጹም ብዛታቸውን ይጠይቃል። በዛ ብሎ መጀመሪያ የሚፈርም ሰው እንደገና ሊፈልጉ ነው።

በማግስቱ ከሥራ ታግጄ ከቦንጋ እንዳልወጣ ታዘዝኩ። ሌባ መሆኔን አምኜ ስለነበር አልገረመኝም። ያላሰብኩት አንድ ነገር ግን ነበር፤ እሱም እነሱ ሲወጡ እኔ መቅረቴ ነው።

ከብልቃጥ የወጣ ችግኝ ከአየር ጋር አይተዋወቅም። ቅጠሉ ስስ ነው፣ ፀሐይና ነፋስ ምን እንደሆኑ አያውቅም። በፕላስቲክ ሸፍነው፣ በመጀመሪያው ሳምንት እንደ አራስ ቤት አፍነው፣ ከዚያ ጠዋት ጠዋት ጥቂት ጥቂት እየገለጡ ያለማምዱታል። መቼ እንደሚገለጥና ምን ያህል እንደሚገለጥ በወረቀት አይጻፍም፤ ቅጠሉን በጣት ነክቶ ነው የሚታወቀው። ጣቴ ቦንጋ፣ ቅጠሉ ማንኪራ ነው። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ እየወጡ ይደውሉልኛል። እኩለ ቀን ላይ ተኝተዋል ይሉኛል፤ ውሃ ይርጩ እላለሁ። አንዳንዶቹ ጫፋቸው ጠቁሯል ይሉኛል፤ እንዴት ያለ ጥቁረት ነው እላለሁ፤ እሳቸውም ጥቁር ነው ይሉኛል። ደረቅ ይሁን እርጥብ ከመጠየቄ በፊት መስመሩ ይቋረጣል። ትናንት ስልኩን ዳሱ ሥር ይዘውት ገቡና፣ ከድምፃቸው ይልቅ ፕላስቲኩ ላይ የሚወርደው ዝናብ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ በታች ናቸው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ፣ ጋሽዬ ዛሬ አይክፈቱት አልኩ፤ ይስሙኝ አይስሙኝ አላወቅሁም።

ቤቴ ከመንገዱ ዳር ነው። ወደ ማንኪራ አቅጣጫ የሚሄዱት ባጃጆች በደጄ ያልፋሉ፤ አንዳንዱ የሚያውቀኝ ሾፌር አቁሞ ትሄጃለሽ ወይ ይለኛል። አልሄድም እላለሁ። ብሄድ ኮብላይ እባላለሁ፤ ያኔ የማስረክበው ነፃነቴን ብቻ አይሆንም፣ ችግኞቹንም የሌባ ዱካ ብለው ይነቅሏቸዋል። ስለዚህ ነው የቆምኩት። ፈርቼም ነው፤ አልዋሽም።

የሚያጣራኝ መርማሪ ጨዋ ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት ቃሌን ሲቀበል አንድ ቦታ ላይ ብዕሩ ቆመበት። የሰረቅሽው ከማን ነው አለኝ። አላውቅም አልኩት። ለማዕከሉ ስልክ ደወለ፤ ማዕከሉ የጎደለው ዕቃ እንደሌለ አረጋገጠለት። ሌላ ቤተ ሙከራ ጠየቀ፤ እነሱም አልጎደለባቸውም። ማንኪራ ያሉትን ሽማግሌ ጠየቀ፤ እሳቸው የተሰጣቸውን እንጂ የተወሰደባቸውን አያውቁም። ከሳሽ አለ፣ ተከሳሽ አለች፣ የእምነት ቃል በፊርማ አለ፤ የተበደለ ሰው ብቻ ጠፋ። ክቡርነትዎ ይህንን ማዕከል በሰው ኃይል በማሟላት የታወቁ ስለሆኑ፣ ለዚህ ክፍት ቦታም አንድ ሰው እንዲመድቡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። እስኪመደብ ድረስ ማጣራቱ አያልቅም፤ ማጣራቱ እስኪያልቅ እኔ ከከተማ አልወጣም።

ስለ ሁሉም አመሰግንዎታለሁ። ስለ ወንበሩ አመሰግንዎታለሁ፤ ቆሜ መጠበቅም ነበረብኝ። በመስታወቷ ላይ ወረቀት ስላላስለጠፉባት አመሰግንዎታለሁ። ማንኪራ ለመሄድ የጠየቅሁትን ፈቃድ ግን ዛሬ ቢሰጡኝ ነው የሚጠቅመኝ። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ቢሰጡኝ አመስግኜ የምቀበለው የመቃብር ጉብኝት ፈቃድ ነው የሚሆነው።

መንበርዎ የጸና፣ ፊርማዎ የከበረ፣ የስብሰባ ሻይዎም የማይቀዘቅዝ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በፊርማዬ ሌባ፣ በሙያዬ የቲሹ ካልቸር ባለሙያ፣ በትእዛዝዎ የቦንጋ ቋሚ ነዋሪ የሆንኩት፣

ታዛዥዎ፣
ፀደንያ ገብረሚካኤል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሐሙስ ሾፌርዎ ቤቴ መጥቶ ነበር። ሺሺንዳ ያሉት ወላጅ እናትዎ ሳል አልለቅ ብሏቸው ቀበርቾ ፈልጉልኝ እንዳሉ፣ ገበያውም እንዳጣው፣ እኔ ዘንድ አንድ ቁራጭ ሥር አይጠፋም ብለው እርስዎ እንደላኩት ነገረኝ። ክቡር ሆይ፣ በእናት ነገር አልቀልድም። መደርደሪያው ላይ ያስቀሯቸው አርባዎቹ ሥራቸው ክር አያክልም፤ ለመድኃኒት አይበቃም። ማንኪራ ያሉት ከተረፉ፣ የሚቆፈር ሥር የሚያወጡት ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ እናትዎን እግዚአብሔር ያቆይልዎ።